ለሳሙና ሁለት ሽማግሌ

ሃሴት ሳሙና ስትሠራ እስከ ክርኗ የሚደርስ ጓንት ታጠልቃለች፤ ዓይኗን በወፍራም የፕላስቲክ መነጽር ትሸፍናለች። ኮስቲክ ሶዳው ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈላል፤ ጠብታው ቆዳ ይልጣል። ይህንን ጥንቃቄ ማንም ሳያስተምራት ከመጽሐፍና ከራሷ ጠባሳ ተምራዋለች። ከሰው አፍ ለሚወጣ ቃል ግን ጓንት አልነበራትም። አንድ ገዢ «ሳሙናሽ እንዲህ ሆነብኝ» ካላት ከንፈሯ ይደርቃል፣ ጆሮዋ ይግላል። ሰውየው ስለ ሳሙናው ሳይሆን ስለ እሷ፣ ከዚያም አልፎ ስላሳደጓት ሰዎች የተናገረ ይመስላታል።

በዚህ ጠባይዋ አንድ ሰው አጣች።

ነገሩ የሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሃሴት በሲያትል ደቡብ፣ ስካይዌይ ውስጥ ከአክስቷ ከእትዬ ኣብረሀት ጋር ትኖር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ታጥባለች። ማታ ማታና እሑድ የአክስቷ ጋራዥ የእሷ ነው። እትዬ ኣብረሀት መኪናቸውን ውጭ ፓርክ እያደረጉ «ለመኪናዬ የገነባሁትን ቤት ለሳሙና አከራየሁት፤ ኪራዩም ሳሙና ነው» እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

የሃሴት ሳሙና ከሌላው የሚለየው በቅጠሉ ነው። እትዬ ኣብረሀት በአጥሩ ሥር ጤና አዳም ተክለው ነበር፤ ሲያትልም ዝናብ አትነፍገውምና እንደ ቁጥቋጦ ተንሰራፍቶ ነበር። ሃሴት ሳሙናውን በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አፍስሳ ሊረጋ ሲል ከላዩ እርጥብ የጤና አዳም ቅጠል ትጭንበታለች። ቅጠሉ እዚያው ተጣብቆ ይደርቃል። ሽታው ደግሞ ገዢውን ከመንገድ ይጠራል። ለገዛ ሁሉ አንድ ምክር ነበራት፦

«ቅጠሉ ባለበት በኩል ይሹት። ኃይሉ ያለው እዚያ ነው።»

ከግንቦት እስከ ጥቅምት በየቅዳሜው ሬይኒየር ቫሊ ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ የመኪና ማቆሚያ ላይ ገበያ ይቆማል። ሃሴት አንዲት ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግታ ትሸጣለች። ከጎኗ ዶሮቲ የምትባል አሮጊት ፈረንጅ ማርና የአበባ ችግኝ ትሸጥ ነበር።

መልከጸዴቅ የመጣው በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ነው። የሚኖረው ቡሪየን፣ የሚሠራው ኤርፖርት፤ ሻንጣ ከአውሮፕላን ሆድ ያወርዳል፣ ይጭናል። እዚያ ገበያ የመጣው ቲማቲም ፈልጎ ነበር። የሃሴትን ጠረጴዛ አልፎ ከሄደ በኋላ ቆመ፤ ሽቅብ አሸተተ፤ ተመለሰ።

«ይሄ ጤና አዳም ነው?»

«ነው።»

«ሳሙና ላይ?»

«ምነው፣ ለቡና ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረው?»

«አይ፣ እኔ እንኳ ለሆድ ቁርጠት ነበር የማውቀው።»

«ሆድህን ከቆረጠህ አትብላው፣ ታጠብበት» አለችና ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሳቀ። የሚስቀው በአፉ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ዓይኑ ይጠባል፣ ከዚያ ትከሻው ይነቃነቃል፤ ድምፁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

«እጄ ላይ የአውሮፕላን ግራሶ አልለቅ ብሎኛል» አላት መዳፉን እየተመለከተ። «ይሄ ያስለቅቀዋል?»

«ቅጠሉ ባለበት በኩል እሸው። ስምህን ማን ልበል?»

«መልከጸዴቅ።»

«ውይ! የካህን ስም። አጠር ያለ የለህም?»

«እናቴ መልኬ ትለኛለች። ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ ሜል ይለኛል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ሙሉውን በይው» አላት። «ረጅም ስለሆነ አፍሽ ላይ ትንሽ ይቆይልኛል።»

ሃሴት ሳሙናውን ስትጠቀልል ወረቀቱ አልታዘዝላት አለ። ዶሮቲ አማርኛ ባይገባትም ከማር ጠርሙሶቿ ኋላ ሆና ፈገግ ብላ አየቻቸው።

ከዚያ በኋላ መልከጸዴቅ የማይመጣበት ቅዳሜ አልነበረም። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ይመጣል፤ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። ጠረጴዛ ይዘረጋላታል፣ ሲመሽ ያጥፍላታል፣ ዣንጥላዋን በድንጋይ ያስራል። በመጣ ቁጥርም ሳሙና ይገዛል።

«ትበላዋለህ እንዴ?» ትለው ነበር። «አንዱ እኮ ለወር ይበቃል።»

«ኦኬ፣ ልንገርሽ። አንዱ ቤቴ ነው፣ አንዱ መኪናዬ ውስጥ፣ አንዱ ሥራ ቦታ ሎከሬ ውስጥ። ሻንጣ በጫንኩ ቁጥር እታጠባለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሙሽራው እያሉ ያሾፉብኛል።»

«ሙሽራው» የምትለዋ ቃል በሁለቱ መካከል ወደቀች። ያነሳት ግን አልነበረም። እሱ ዣንጥላውን ማቃናት ጀመረ፤ እሷ የተደረደረውን ሳሙና እንደገና ደረደረችው።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ረጅም ፈረንጅ ሴትዮ የተገዛ ሳሙና በፌስታል ይዛ መጣች። ሳሙናው እንደ ገንፎ ሟሙቷል። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። «ሽታውን ወድጄዋለሁ፤ ግን በሳምንቱ እንዲህ ሆነብኝ፤ ብታውቂው ይሻላል ብዬ ነው» አለች። ያ ሳሙና ገና ሳይደርቅ የተሸጠ ነበር፤ ሃሴትም ይህን ታውቃለች። «እውነትሽን ነው፣ ቸኩዬ ነው» ማለት በቂ ነበር። አላለችም። ገንዘቡን ሴትዮዋ እጅ ውስጥ አስጨብጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የቀረውን ሳሙና ሁሉ እንደተሰረቀ ዕቃ ወደ ካርቶን አግበስብሳ ከተተችው። ከዚያ ከዶሮቲ መኪና ጀርባ ሄዳ ተቀመጠችና አለቀሰች።

መጀመሪያ የደረሰችው ዶሮቲ ነበረች። «ልጄ» አለቻት፣ «እኔ አርባ ዓመት ነገር ስሸጥ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ቅር ያለው ሰው ሲመጣ ለአፉ መልስ አትስጪ። መጀመሪያ እጁን ተመልከቺ። ምን እንደያዘ፣ ምን እንደሆነ። ከዚያ በኋላ አፍሽ የሚለውን ያገኛል።»

ሃሴት ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልሰማቻትም። ትሰማ የነበረው የመልከጸዴቅን የእግር ኮቴ ነው። ውሃ ይዞላት መጣ። አጠገቧ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ያ ሁሉ ሰው ጥሩ ነው እያለሽ የአንዷ ቃል ምን ያደርግልሻል?»

«ያ ሁሉ ሰው አበሻ ነው። በይሉኝታ ነው የሚገዛኝ። አንተ ግን እውነቱን ንገረኝ። ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።» ያን ዕለት እውነቱን ነበር።

ከጉንጯ ላይ እንባ ሊጠርግ እጁን አነሳ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠና ጠርሙሱን ከፈተላት። «ሃሴት» አላት፣ «ከእኔ አፍ አንቺን የሚያስለቅስ ነገር አይወጣም። እናቴን!»

እሷ ይህን መሐላ እንደ ስጦታ ተቀበለችው። ሁለቱንም የሚያስር ገመድ መሆኑን ያኔ ማን ያውቃል?

ሐምሌ ላይ ሲያትል ሞቀች። ፀሐይ በማታውቀው ከተማ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ እንደ ፋሲካ ነው የሚሆነው። መልከጸዴቅም ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ጠባዩ ተለወጠባት። ገበያ ሲመጣ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ጠረጴዛውን ያለ ወትሮው በክርኑ እየገፋ ነው የሚያስተካክለው። ሳሙና ስታቀብለው «እዚያ ላይ አስቀምጪልኝ» ይላታል፤ ከእጇ አይቀበላትም። አንድ ቀን «ምነው፣ በረደህ?» አለችው፤ ላቡ በግንባሩ እየወረደ «ትንሽ» አላት። ከዚያ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ቀረ።

ሃሴት የመሰላት ሌላ ነበር። «ጠገበኝ» አለች በልቧ። ወይም ደግሞ አንዳች ነገር ሊናገር አስቦ ቃል አጥሮታል። ሁለተኛውን ማመን ስለፈለገች ሁለተኛውን አመነች።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ኣብረሀት በመስኮት አጮልቀው አዩና መጋረጃውን ለቀቁት።

«ሃሴት! ሁለት ሽማግሌ ካራቫት አስረው እየመጡ ነው! ያንን ሽርጥ አውልቂ! ኧረ ከጓዳ ግቢ፣ አይዩሽ!»

የመጡት ጋሽ ወልደትንሳኤና ጋሽ ገመዳ ነበሩ። ጋሽ ወልደትንሳኤ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ። በዚያ ከተማ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተኳረፈ ወንድማማች የሚታረቀው በእሳቸው ታክሲ ውስጥ ነው ይባል ነበር። ጋሽ ገመዳ ዝምተኛ ናቸው፤ እሳቸውን ይዘው ያልሄዱበት ሽምግልና የለም።

እትዬ ኣብረሀት በሩን ከፈቱ። «ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደትንሳኤ ኮፍያቸውን በደረታቸው ይዘው።

እትዬ ኣብረሀት ይህን ቃል ያውቁታል። ይህን ቃል የማያውቅ ሴት ልጅ ያሳደገ ሰው የለም። «እንግዲያ በቆማችሁበት ተናገሩ» አሉ፣ ድምፃቸው ከወዲሁ እየሳሳ። «ማን ነው የላካችሁ?»

«መልከጸዴቅ የሚባል ልጅ ነው።»

ጓዳ ውስጥ ሃሴት የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። የእጅ በኪስ ምስጢር፣ የሁለት ቅዳሜ መቅረት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈታላት። በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ፊቷን አየችና ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች።

«ልጁን አውቀዋለሁ» ይላሉ አክስቷ። «ጠረጴዛ ሲያጥፍላት አይቼዋለሁ። ዘሩ ከወዴት ነው? ይጠጣል?»

«አይጠጣም፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን እትዬ ኣብረሀት፣ ለዛሬ የመጣንበት…»

«ሥራው የሚያዛልቅ ነው?»

«የሚያዛልቅ ነው፤ ግን…»

«ታዲያ ምን ጎደለው? ምንድን ነው ግን ግን?»

ጋሽ ወልደትንሳኤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እጁ ነው» አሉ።

«እጁ?»

«የልጅቱ ሳሙና እጁን አቁስሎታል። ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተልጧል። ፊት ለፊት ልንገራት ቢል አፈረ፤ ከአፌ አይወጣም ብዬ ምያለሁ አለን። እና በክብር ንገሩልኝ፣ ሌላ ሰውም እንዳይጎዳ፣ እሷም እንዳትከፋ ብሎ ነው።»

ጋሽ ገመዳ ጫማቸውን ተመለከቱ። እትዬ ኣብረሀት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

ሃሴት ከጓዳ ወጣች። ያቃናችው ፀጉር ግንባሯ ላይ ተመልሶ ወድቋል።

«ለሳሙና?» አለች። «ለሳሙና ነው ሽማግሌ የላከብኝ?»

«ልጄ፣ ተረጋጊ…»

«ስንት ሰው ታጥቦበታል! ማን ምን አለ? ይሄው እትዬ ይታጠቡበታል። የእሱ እጅ ብቻ ነው የወርቅ? ፊቴ ቆሞ ጥሩ ነው ሲለኝ ከርሞ፣ ከኋላዬ ሽማግሌ ይሰበስባል? ከተማው ሁሉ ሰማ ማለት ነው!»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ከእኛ ሌላ የሰማ የለም» አሉ ጋሽ ወልደትንሳኤ።

«ንገሩልኝ። ሁለተኛ ጠረጴዛዬ ጋ እንዳይደርስ።»

ጋሽ ገመዳ ያን ጊዜ ብቻ ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ሌላም…» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ጋሽ ወልደትንሳኤ እጅጌያቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«ይበቃል። ዛሬ አይሆንም» አሉ። ኮፍያቸውን አጠለቁ። ሁለቱም ሳይቀመጡ እንደቆሙ ሄዱ።

እትዬ ኣብረሀት በሩን ዘግተው መጀመሪያ ሳቁ። «ዘሩን ጠየቅሁ እኮ! ይጠጣል ወይ አልኩ! ወይ ጉዴ!» ከዚያ የሃሴትን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው «ሰማሽ?» አሏት። «ልጁ ቆሰልኩ ነው ያለው። እጁ እንዴት ነው አላልሽም።»

ሃሴት የጋራዡን በር ከኋላዋ አላተመችው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ሃሴት ግን ማፍሰሷን ለማወቅም ጊዜ ወሰደባት። ሁለት ገበያ አለፈ። በሦስተኛው፣ ገዢ በሌለበት ሰዓት፣ ለዶሮቲ እንደ ቀልድ አድርጋ አጫወተቻት። ሽማግሌ የሚባለውን ነገር ማስረዳት አስቸገራት፤ የቀረውን ግን ዶሮቲ ተረዳች። አልሳቀችም።

«ያ ልጅ የት ነው የሚሠራው?» አለች። «ውስጥ ነው ውጭ?»

«ውጭ። አስፋልት ላይ፣ አውሮፕላን ሥር። አሁን የቀን ፈረቃ ነው።»

ዶሮቲ አንድ ሳሙና አነሳች፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ቅጠሉን በጥፍሯ ቀረፈችና አሸተተችው። ለብዙ ወራት አጠገቧ ሲሸጥ አድናቆት እንጂ ትኩረት አልሰጠችውም ነበር።

«አምላኬ! ይሄን ተክል እኔ ስከረክመው ረጅም እጅጌ ነው የምለብሰው» አለች። «ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ጥላ ውስጥ ምንም አያደርግም።»

ሃሴት ጠረጴዛውን ያዘች። ገዢዎቿ አንድ በአንድ በዓይኗ መጡ። ሆቴል የሚያጸዱ፣ መጦሪያ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ወጥ ቤት የሚውሉ። ሁሉም ከጣሪያ በታች የሚውሉ ነበሩ። ፀሐይ ላይ የሚውል እሱ ብቻ ነው። ሻንጣ በጫነ ቁጥር የሚታጠብም እሱ ብቻ ነው። «ቅጠሉ ባለበት በኩል እሸው» ያለችውንም ቃል በቃል የፈጸመ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ሰው ሳሙናውን እንደ ሳሙና ነው የተጠቀመበት። እሱ እንደ አደራ ነው የተጠቀመበት። የተጎዳውም ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ሳሙናውን ሁሉ ከጠረጴዛ አነሳች። አላለቀሰችም። በየቤቱ ኮል አድርጋ ለገዙት ሁሉ ተናገረች፤ «ቅጠሉን ጣሉት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፤ ዓለም አልፈረሰችም። እንዲያውም ብዙዎቹ «እግዜር ይስጥሽ፣ ማን ይናገራል እንዲህ» አሏት። ጥፋትን ማመን እንዲህ ቀላል መሆኑን ከዚያ በፊት የነገራት አልነበረም።

ለሁሉም ተናገረች፤ ለእሱ ብቻ ቀረ።

ስልኩን ያዞረችበት ቀን ነበር። «ሄሎ» የሚለውን ድምፅ ስትሰማ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባትና ዘጋችው። ሽማግሌ እንድትልክ አክስቷ ቢመክሯት «ደግሞ እኔ ሽማግሌ ልላክ?» አለች። በመጨረሻ ለራሷ «ቅዳሜ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለች። ጠረጴዛዬ ጋ እንዳይደርስ ያለችው እሷ መሆኗን፣ እሱም ሽማግሌ ያመጣለትን ቃል የሚያከብር ሰው መሆኑን እያወቀች፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱን አየች። ረጅም ሰው ሲመጣ ልቧ ይነሳል፤ ቀረብ ሲል ይቀመጣል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ገበያው በዝናብ ተዘጋ። የፈረንጆቹ ክረምት ሊወጣ ሲል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ለሌላው ሲያወራ ሰማች፦ ዴንቨር አዲስ ኤርፖርት ተከፍቷል፤ ከዚህ ብዙ ልጆች ሄደዋል፤ ያ መልከጸዴቅ የሚባለውም ሄዷል።

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሥራዋ አደገ። ሱቅ ባይኖራትም በሱቆች ውስጥ መደርደሪያ አገኘች። ቅር ያለው ገዢ ሲመጣ ዛሬ የሚያያት ሰው ያኔ የነበረችውን ሃሴት አያምንም። መነጽሯን ታደርጋለች፤ ወንበር ትስባለች፤ «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» ትላለች። የማታውቀውን ሰው መዳፍ በመዳፏ ይዛ ታገላብጣለች። አንዳንድ ሰው በዚያች ቅጽበት ቅሬታውን ይረሳል። «እንዴት ያለች ታጋሽ ሴት» ይላሉ። የማንን እጅ እንደምትፈልግ አያውቁም።

ሽማግሌዎቹ ከመጡ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ጋሽ ወልደትንሳኤ አረፉ። ኬንት የሚገኘው ቤታቸው ከሳሎን እስከ ጓሮ በሰው ሞላ። ሃሴት ምግብ ይዘው ከመጡት ጋር ሄደች፤ ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ የራሷን ሳሙና በሳህን አድርጋ አስቀመጠች። እራት ሲቀርብ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዛ እንግዶቹን ማስታጠብ የእሷ ድርሻ ሆነ።

ጋሽ ገመዳ በጣም አርጅተዋል። ታጠቡና እጃቸውን አሸተቱ።

«ቅጠሉ የለም» አሉ።

«ከቀረ ቆየ፣ ጋሼ።» ውሃውን ማፍሰሷን አቁማ ጎንበስ አለች። «ያን ቀን አስቀየምኳችሁ። ሳትቀመጡ ሄዳችሁ። ጋሽ ወልደትንሳኤን ይቅርታ ሳልላቸው…»

ጋሽ ገመዳ ፎጣውን ከትከሻዋ ወስደው እጃቸውን አደረቁ። ከዚያ እንደ ልጅ አገጯን ያዝ አደረጉ።

«ለሳሙና ሁለት ሽማግሌ ይሄዳል እንዴ ልጄ?»

ሃሴት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«ለሳሙናው ወልደትንሳኤ ይበቃ ነበር። እኔ የሄድኩት ለሌላው ነው። ካራቫቱንም ያሰርነው ለሌላው ነው። ልጁ ምን አለን መሰለሽ? እውነቱን ደብቄያት ልጠይቃት አልችልም፤ መጀመሪያ የእጄን ንገሯት። ካልተቆጣች አያይዛችሁ ሁለተኛውን ጠይቁልኝ። ከተቆጣች ግን ተዉት፤ ቁጣዋን በጋብቻ የደለልኩት ይመስላታል አለን። እኔ ላፈርጠው ነበር፤ ወልደትንሳኤ ያዘኝ። ቃሉ ቃል ነው አለ።» ፎጣውን መለሱላት።

ሃሴት ማስታጠቢያውን ይዛ ወደ ኩሽና ሄደች። ውሃውን ደፋችው። ደግማ ሞላችው። ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

መልከጸዴቅ የደረሰው በማግስቱ ነው። ጋሽ ወልደትንሳኤ አሜሪካ ሲገባ በታክሲያቸው የተቀበሉት፣ እንደ አባት የቆሙለት ሰው ነበሩ። ከበሩ ጀምሮ እያለቀሰ ገባ፤ ወንዶቹ ተነስተው አቀፉት። ትከሻው ሰፍቷል፤ ከጆሮው በላይ ሽበት ጀምሮታል። ሃሴት ከኩሽናው በር አየችው። እሱ አላያትም።

ምግብ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወጣች። ሌላ ሰው ያስታጥብልኝ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈች ፊቱ ደረሰች።

ቀና አለ። በዙሪያቸው ሰው ስለ ቀብሩ ያወራል፤ አንድ ሕፃን በእንግሊዝኛ ውሃ ይጠይቃል። መልከጸዴቅ እጁን ዘረጋ፤ ውሃ አፈሰሰችለት። ሳሙናውን አነሳ፤ አገላብጦ ሁለቱንም ፊት አየው፤ ቅጠል ፈለገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ታጠበበት።

«ያቃጥላል?» አለችው።

«አያቃጥልም።»

«ጋሽ ገመዳ ነገሩኝ» አለች፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። «ለምን ሁለት ሆነው እንደመጡ።»

መልከጸዴቅ አረፋውን ከእጁ ላይ አላጠበውም። ማስታጠቢያው ውስጥ ያለውን ውሃ ያይ ነበር። «ራሴ መምጣት ነበረብኝ» አለ በመጨረሻ። «ታለቅሺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ስልክ የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን፣ በነሐሴ።»

«አውቄያለሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ስልኩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።»

ውሃውን አፈሰሰችለት፤ አረፋው ወረደ። በዚያን ጊዜ ለስንቱ ባዕድ ስትለው የኖረችውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማለት የነበረባትን ቃል አለችው።

«እጅህን አሳየኝ።»

መጀመሪያ መዳፉን ዘረጋላት። ድኗል፤ የሠራተኛ ሰው ወፍራም፣ ጤነኛ መዳፍ ነው። ከዚያ ገለበጠው። በእጁ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው፣ ቡናማ ጥላ የመሰለ ምልክት ቀርቷል፤ የቅጠል ቅርጽ የለውም፣ ግን ከቅጠሉ መሆኑን ታውቃለች። በቀለበት ጣቱ ላይ ወርቅ ነበር።

ሁለቱንም አየቻቸው። ምልክቱን አስቀድማ፣ ቀለበቱን አስከትላ። እጁን አልነካችውም።

«ደህና ናት?» አለች።

«ደህና ናት። ደግ ሰው ናት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችው፤ አድርቆ መለሰላት። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው፣ ሐዘንተኛን እንደሚሉት። መሄድ ጀምራ ቆመችና ጨመረችበት፦

«መልከጸዴቅ።»

ሙሉውን አለችው። ረጅም ስም ነው፤ ትንሽ ቆየላት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።